መብራት ያዥ

ኮልቢ ሆይ፣ ትናንት ማታ የሎዌልን ፎርድ ጭነህ፣
በበረዶው ከግቢዬ እየተንሸራተትክ ወጥተህ፣
«አርዲት፣ ከየት ልጀምር?» ብለህ በስልክ የጠየቅኸኝ፣
ሌሊቱን ስመልስልህ እንቅልፍ አልወሰደኝ።

መካኒክ አይደለሁም እኔ፤ መብራት ያዥ ነበርሁ፣
ሠላሳ አንድ ክረምት ከሻንሲው ሥር ተኝቼ ያየሁ፤
ሎዌል «ግራ» ሲል ወደ ግራ፣ «ቀና» ሲል የምቀና፣
እጁ የሳተውን ሁሉ መብራቴ አይቶታልና።

እንግዲህ ስማ።

ቀለም አትግዛ ገና፤ ቀይ ነው ጥቁር አትጨነቅ፣
ዝገት ማለት ከቀለም ሥር ተኝቶ ነው የሚስቅ።
አስቀድመህ ሜትር አውጣ፤ ሻንሲውን በሰያፍ ለካ፣
ከግራ ጥግ እስከ ቀኝ ጥግ፣ ከቀኝ እስከ ግራ፤ ለካ
የኛው በአውራ ጣት ውፍረት ጠሞ ኖሯል ሳናውቀው፣
ሎዌል አልዘጋ ያለውን በር ዐሥር ዓመት ሲሞርደው።

የዛገ ብሎን በመዶሻ አይለመንም፤ ዘይት አጠጣው ማታ፣
ጠዋት አሙቀው፣ ደግመህ አጠጣው፣ ከዚያ በቀስታ ፍታ።
እምቢ ካለህም አትሳደብ፤
ዘጠና ዓመት የጨበጠ እጅ በአንድ ቀን አይዘረጋም።

ስትበይድ ነጥብ በነጥብ፤ በአንድ ትንፋሽ ልጨርስ ስትል፣
ብረት እሳት ሲበዛበት አኩርፎ ጀርባውን ያዞራል።

ሞተሩን በዝናው አትመን፤ ስምንት ሲሊንደር ቢሆንም፣
ቴስታታውን አንሣና በቫልቩና በሲሊንደሩ መሐል ያለውን
ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ፈልግ፤ በባዶ ዓይን አይታይም፣
በማግኔትና በብረት ብናኝ ይመርመር፤ ሳታወጣ ገንዘብህን።
ይሞቃል ብለህ ራዲያተር አትለውጥ፤ ጉሮሮው ነው የታነቀ፣
ሲቀረጽ የቀረ አሸዋ አለ፣ በውኃው መንገድ የተጣበቀ፤
በሽቦ ኮርኩረህ አውጣው። እኛ ከዚሁ ሞተር ያወጣነው
አንድ ማሰሮ ሞልቶ፣ ቁልቋል ተክዬበት፣ ያውልህ መስኮቴ ላይ ነው።

መብራቷ እንደ ጧፍ ከፈዘዘች ባትሪ ልትገዛ አትሩጥ፤
የምድሩ ሽቦ ቀለም ላይ ታስሮ ይሆናል፤ ፈግፍግ፣ ብረቱ ይገለጥ።
መሪውንም ነቅንቀው፤ ሁለት ጣት ያህል ባዶ ከሄደ አስጠብቀው ዛሬውኑ፣
መሪ የላላ ለት ተሳፋሪ ነው ጸሎተኛ፣ ሌት ከቀኑ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ።
ሎዌል ክሮሙን ሲወለውል፣ ጭስ መውጫውን ሲያስጌጥ፣
ሞተሩ በአንድ ሰኞ ጧት ተነሣ፤ ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቶ ሲያፈጥ፣
ከውኃ ታንከሩ ቁልቁለት ለቀቃት፤
ረገጠ፣ ረገጠ፣ ደገመ፤ ያ የጥንት የዘንግ ፍሬን ምን ያቁማት!
የኩቼራን የበቆሎ ማሳ ለሁለት ሰንጥቃ ገባች፣
ቅንድቧ ላይ አገዳ ሰክታ እንደ ሰርገኛ ቆመች።
ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ወዲያ ግን ሞተሯን አላስነሣም፤
ወለወላት እንጂ። እኔም መብራቱን ያዝኩ። ለምን አላልኩም።
ሁለታችንም አበባውን ስናይ ፍሬን ረሳን።

አንተ የዘንጉን ጣለው፤ ባለ ዘይቱን ግጠም በአራቱም እግር፣
ከሩቁ ጎማ ጀምረህ አስተንፍስ፣ አንዲት አረፋ እንዳትቀር፤
አንዱ ይረግጣል፣ አንዱ ይፈታል፤ ይህ የብቻ ሥራ አይደለም፣
ሰው ፈልግ። ሰው ከሌለህም ደውልልኝ፤ ከስምንት ሰዓት በፊት አልተኛም።

በል ኮፈኑን ክፈተው። ካርቡራተሩ የለም አይደል?
አልጠፋም፣ እኔ ጋ ነው፤ በፎጣ ጠቅልዬው ከወጥ ቤቴ መሳቢያ ውስጥ አለልህ። ሌባ ነች ብትል፣
በል።

ፍሬኑ ያለቀ ዕለት በእጃችሁ ግፏት እስከ ታንከሩ አናት፣
ጓደኞችህ ይልቀቁህ፣ ያለ ሞተር፣ በዚያው ቁልቁለት፤
ንፋሱን ብቻ እየሰማህ ናና፣ እበሬ ላይ ቀጥ ካደረግካት፣
ካርቡራተሩን ይዤ እወጣለሁ።
መብራቱንም።